የጋራው ምንጭና የግሉ ገንዳ

ስለ እንግዳ ማረፊያና ስለ መታጠቢያ ቤት በንግድ ጋዜጣ ላይ መጻፍ ለአንዳንድ አንባብያን ከቁም ነገር የወጣ ጨዋታ ይመስላቸው ይሆናል። ይህ ገጽ ስለ ዕቃ ዋጋ፥ ስለ ባንክ አሠራርና ስለ ጉምሩክ ሥርዓት የሚነገርበት ገጽ ነውና። ነገር ግን ነጋዴ ስለ ሙያው ከሚማርባቸው ስፍራዎች አንዱ ራሱ ገዢ ሆኖ የተቀመጠበት ቤት ነው፤ ሻጭ ሆኖ ሲቆም ያላየውን፥ ገዢ ሆኖ ሲቀመጥ ያየዋል። እኔም ከአሠሪዬ ጋር በጃፓን አገር በኪኖሳኪ ከተማ ካደርሁባት አንዲት ሌሊት ያገኘሁትን አሳብ፥ ለነጋድያን ወገኖቼ ይጠቅማል ብዬ ስላመንሁ ለማቅረብ እደፍራለሁ። አሳቡም በአጭሩ ይህ ነው፤ እያንዳንዱ ነጋዴ ከጎረቤቶቹ ጋር የሚጠጣው አንድ የጋራ ምንጭ አለው፤ ያን ምንጭ ለራሱ ገንዳ ብቻ የጠለፈ ሰው ጎረቤቱን አድርቆ አይቀርም፥ በመጨረሻ ራሱም ይደርቃል።

አሠሪዬ ቡና ወደ ውጭ አገር የሚልኩ፥ ከውጭ ደግሞ የመኪና መለዋወጫ የሚያስመጡ ነጋዴ ናቸው። ባለፈው ዓመት በኅዳር ወር በኮቤ ከተማ ካለ ቡና ገዢ ቤት ጋር ለመነጋገር ሲሔዱ፥ ደብዳቤያቸውንና መዝገባቸውን የምይዝ እኔ ስለሆንሁ አብሬ ሔድሁ። ጉዳያችን ሲፈጸም የገዢው ቤት ሰው፥ «የአገራችንን የንግድ ጠባይ ማወቅ ከፈለጋችሁ አንድ ሌሊት በሪዮካን እደሩ» ብሎ መከረን። ሪዮካን ማለት በጥንቱ የአገሩ ልማድ የሚተዳደር የእንግዳ ማረፊያ ነው። ብዙዎቹም የተሠሩት በኦንሰን፥ ማለት በፍል ውሃ አጠገብ ነው። ጃፓን እሳተ ገሞራ የበዛባት አገር ስለሆነች ፍል ውሃዋም ብዙ ነው፤ ማረፊያ ያላቸው የፍል ውሃ ሰፈሮች ሦስት ሺህ ገደማ ይደርሳሉ። በ1948 የወጣው ሕጋቸው ከምድር ሲወጣ ሙቀቱ 25 ዲግሪ የደረሰውን ወይም በሕጉ ከተዘረዘሩት ማዕድናት በቂ መጠን የያዘውን ውሃ ኦንሰን ብሎ ይጠራዋል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልኝ።

ከዚያ ሁሉ ሰፈር መካከል ኪኖሳኪ የተመረጠችልን በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ከኦሳካ በፈጣን ባቡር ሦስት ሰዓት በማይሞላ ጊዜ የሚደረስባት መሆኗ ነው። ሁለተኛው አሠሪዬ በልጅነታቸው በክንዳቸው ላይ የተነቀሱት መስቀል ነው። በጃፓን አገር ንቅሳት የወንበዴ ማኅበር ምልክት ሆኖ ሲታይ ስለኖረ፥ በብዙ መታጠቢያ ቤት የተነቀሰ ሰው አይገባም፤ የኪኖሳኪ የሕዝብ መታጠቢያዎች ግን ማንንም በንቅሳቱ አይከለክሉም። ከተማይቱ በሰሜን በኩል በጃፓን ባሕር አጠገብ በሂዮጎ አውራጃ ትገኛለች፤ ከ2005 ጀምሮም በቦርሳ ሥራ ስሟ በታወቀው በቶዮኦካ ከተማ አስተዳደር ውስጥ ናት።

ማረፊያውን በኢሜይል ስይዝ ቤቱ ሦስት ጥያቄ ጠየቀኝ፤ ስንት ሰው ናችሁ፥ በስንት ሰዓት ትደርሳላችሁ፥ የማትበሉት ምንድን ነው የሚል ነበር። ጊዜው የነቢያት ጾም የገባበት ነበርና ሥጋ፥ ወተት፥ ቅቤ፥ እንቍላልና ዓሣ እንደማንበላ ጻፍሁ። ወሩ ደግሞ በዚያ ባሕር ሸርጣን የሚጠመድበት ወር ስለሆነ፥ ከተማይቱ ሸርጣን ለመብላት በሚመጡ እንግዶች ተሞልታ ነበር፤ እኛ ግን ያን በጾምም በፍስክም የማንነካው መሆናችንን ጨመርሁበት። በማግሥቱ መልስ መጣልኝ። «የምግባችን ሁሉ መረቅ ከደረቀ ዓሣ የሚፈላ ነው፤ ይህም የተከለከለ ነውን?» ይላል። አዎን ብዬ ብጽፍ፥ «እንግዲያውስ መረቁን ከባሕር ቅጠል እናፈላዋለን» የሚል ሁለተኛ መልስ ደረሰኝ። ደብዳቤ በመጻፍ ከሃያ ዓመት በላይ የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ሻጭ ያልተጠየቀውን ጉድለት ራሱ አንሥቶ ሲጠይቅ ያየሁት ግን ጥቂት ጊዜ ነው።

ዋጋውም አስቀድሞ ተነግሮናል። የሚቈጠረው በሰው እንጂ በክፍል አይደለም፤ እራትና ቁርስም በዚያው ውስጥ ናቸው። ከዚህ ሌላ ለከተማይቱ አስተዳደር የሚገባ የመታጠቢያ ቀረጥ በአንድ ሰው 150 የን ለብቻው ተጽፎ ነበር። ጉርሻ የሚሰጥ እንግዳ የለም፤ የሚጠብቅ አሳላፊም የለም። ስንወጣ የከፈልነው ገንዘብ ከመምጣታችን በፊት በጽሑፍ ከተነገረን ገንዘብ አንዲት የን እንኳ አልበለጠም።

በደረስን ጊዜ ኦካሚ የምትባለው የቤቱ እመቤት ከደጅ ወጥታ እጅ ነሥታ ተቀበለችን። ጫማችንን ከመግቢያው አውልቀን ገባን። ክፍሉ ታታሚ በሚባል የተጠቀጠቀ የሣር ምንጣፍ የተነጠፈ ነው፤ በመካከሉ ካለ አጭር ገበታ በቀር ዕቃ የለበትም። ሻይና አንዲት ትንሽ ጣፋጭ ቀረበልን፤ ዩካታ የሚባል የጥጥ ልብስም ተሰጠን። አሠሪዬ ቀኙን በግራው ላይ አድርገው ቢታጠቁት፥ አስተናጋጇ ደንግጣ ፈጥና አስተካከለችላቸው፤ እንዲያ የሚለበሰው ለሬሳ ብቻ ነውና ግራው በቀኙ ላይ ይውላል። እራት ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቀረበ። የአኩሪ አተር እርጎ፥ እንጉዳይ፥ ሥራ ሥር፥ ሩዝና በጨው የቈየ አትክልት በየተራው በትንንሽ ሳሕን መጣ። አሠሪዬ ጥቂት ዝም ብለው ከቈዩ በኋላ፥ «ጾማችንን ሳያውቁት ጾሙልን» አሉ። ተመግበን ስንመለስ አልጋችን በወለሉ ላይ ተነጥፎ አገኘነው።

እስከዚህ ድረስ ያልሁት ስለ አንድ ቤት መልካም አገልግሎት ነው፤ እንዲህ ያለ ቤት ግን በሌላም አገር ይገኛል። የዚህ ጽሑፍ ምክንያት ከእራት በፊት የሆነው ነገር ነው። ከመንገድ ድካም ለመታጠብ ወደ ቤቱ መታጠቢያ ወርደን ነበር። ልማዱ በአጭር በርጩማ ላይ ተቀምጦ ገላን በሳሙና ታጥቦ ሳሙናውን አጥርቶ፥ ከዚያ በኋላ ወደ ፍል ውሃው መግባት ነው፤ ገንዳው ለመሞቂያ እንጂ እድፍ ለማስለቀቂያ አይደለም። ወንዱና ሴቱ በየብቻው ነው፤ ሆኖም ከአሠሪዬ ጋር ራቁቴን መቀመጥ ለእኔ ቀላል ነገር አልነበረም። እሳቸው ግን ይህን ረስተው ገንዳውን እያዩ፥ «ይህን ያህል ገንዘብ የሚያስከፍል ቤት፥ ገንዳው አራት ሰው እንኳ የማይይዝ ሆነሳ! ውሃው ሞልቶ የተረፈ ነው፤ ለምን አላሰፉትም?» አሉኝ።

እኔም ጥያቄውን ለእመቤቲቱ አቀረብሁላት። ፈገግ ብላ፥ «ትልቁ መታጠቢያችን በውጭ ነው፤ ወጥታችሁ ሒዱ» አለችን፤ ለእያንዳንዳችንም በከተማው ላሉት ሰባት የሕዝብ መታጠቢያዎች የሚያስገባ ወረቀት ሰጠችን። በማንኛውም ማረፊያ ያደረ እንግዳ በዚህ ወረቀት ያለ ሌላ ክፍያ ይገባል። ከእራት በኋላ የእንጨት ጫማ ተጫምተን ወጣን። የጫማው ስም በቋንቋቸው ጌታ ይባላል፤ አሠሪዬ ይህን ሲሰሙ፥ «ዕድሜዬን ሙሉ ጌታ ስባል ኖሬ ዛሬ ጌታ ረገጥሁ» ብለው ሳቁ። በመንገዱ መካከል ትንሽ ወንዝ ይወርዳል፤ በዳርና በዳሩ የአኻያ ዛፍ ተተክሏል። በዚያ ብርድ ብዙ ሰው እንደኛው ዩካታ ለብሶ ከአንዱ መታጠቢያ ወደ ሌላው ይሔዳል። የየማረፊያው ልብስ ጥለቱ ይለያል፤ ስለዚህ ማን ከየትኛው ቤት እንደመጣ ይታወቃል። በመንገዱ ላይ ያሉት ሱቆች፥ ጣፋጭ ሻጩም፥ ወተት ሻጩም፥ የእጅ ሥራ ሻጩም በራቸውን ከፍተው ይቀበላሉ። ከመታጠቢያዎቹ አንዱ ኮኖ ዩ የሚባለው፥ ጥንት አንድ የቈሰለ ራዛ ወፍ እግሩን የፈወሰበት ነው ይባላል፤ ማንዳራ ዩ የሚባለውን ደግሞ አንድ መነኵሴ ሺህ ቀን ጸልዮ ከ1300 ዓመት በፊት ያፈለቀው ነው ብለው ይተርካሉ። እያንዳንዱ መታጠቢያ በሳምንት አንድ ቀን ይዘጋል፤ የመዝጊያው ቀን ግን የተለያየ ስለሆነ እንግዳው አንዱ ቢዘጋበት በሌላው ይገባል።

የአገሩ ሰዎች ስለ ከተማይቱ ሲናገሩ «ከተማው ሁሉ አንድ ማረፊያ ቤት ነው» ይላሉ። የባቡር ጣቢያው መግቢያው በር፥ መንገዱ የቤቱ መተላለፊያ፥ ማረፊያዎቹ መኝታ ክፍሎች፥ የሕዝብ መታጠቢያዎቹ የቤቱ ገንዳ፥ ሱቆቹም የቤቱ ዕቃ መሸጫ ናቸው ማለታቸው ነው። ይህን ስሰማ ለእንግዳ ጆሮ የተበጀ ያማረ ንግግር መስሎኝ ነበር። በኋላ ግን ከሃያ ዓመት በላይ በፈጀ ሙግት የተገዛ ቃል መሆኑን ተረዳሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በግንቦት 1925 በዚያ አውራጃ ብርቱ የምድር መንቀጥቀጥ ሆነ፤ ከመንቀጥቀጡም እሳት ተነሥቶ ኪኖሳኪን አቃጠላት፥ ብዙ ሰውም አለቀ። ነዋሪዎቹ ከተማቸውን እንደገና ሲሠሩ ሁሉም በአንድ ጊዜ ከዜሮ ጀመሩ ማለት ነው። እስከዚያ ዘመን ድረስ በማረፊያዎቹ ውስጥ የፍል ውሃ ገንዳ አልነበረም፤ እንግዳው ሁሉ ወደ ሕዝብ መታጠቢያዎች ይሔድ ነበር። በ1927 ግን አንድ የማረፊያ ባለቤት በገዛ ቦታው ያለውን ፍል ውሃ ስቦ በቤቱ ውስጥ መታጠቢያ ለማቆም ተነሣ። የከተማው ሰው ተቃወመ፤ ነገሩም ወደ ፍርድ ቤት ሔደ። ጦርነት መጥቶ አለፈ፥ ሙግቱ ግን አላለፈም። ያለቀው በ1950 በስምምነት ነው።

አንባብያን ሆይ፤ እዚህ ላይ ፍርድ ለመስጠት እንዳንቸኩል እለምናለሁ። የማረፊያው ባለቤት ስስታም፥ ከተማው ደግሞ ደግ ነበር ማለት ትክክል አይደለም። ባለቤቱ የሚለው አለው። ቦታው የእኔ ነው፤ ከቦታዬ በታች ያለው ውሃም የእኔ ነው፤ ሽማግሌና ሕመምተኛ እንግዳዬ በበረዶ ላይ ወጥቶ እንዲታጠብ ለምን ይገደዳል? አገልግሎቴን ላሻሽል ብል ጎረቤቴ ስላልቻለ እኔ ልከልከል? ይህ ሁሉ የነጋዴ አነጋገር ነው፤ ማናችንም ብንሆን ይህንኑ እንል ነበር። የከተማው ሰው ደግሞ የሚለው አለው። ውሃው ከምድር በታች አጥር የለውም፤ አንተ ስትስብ የእኛ ይጐድላል። አንተ ዛሬ ብታቆም ነገ ሁሉም ያቆማል፤ ያን ጊዜ እንግዳ ከቤት አይወጣም፥ መንገዱ ይጨልማል፥ ሱቁ ይዘጋል፥ የሕዝብ መታጠቢያው ይፈርሳል። እንግዳ ወደ ኪኖሳኪ የሚመጣው ለአንተ አልጋ ነውን፥ ወይስ ለዚህች ከተማ?

የስምምነቱ ጥበብ ሁለቱም ወገኖች እውነት እንዳላቸው ማየቱ ነው። ፍል ውሃው የጋራ ሀብት ሆኖ በከተማው የጋራ ንብረት አስተዳደር ሥር እንዲጠበቅ ሆነ። ማረፊያዎቹም በውስጣቸው መታጠቢያ እንዲኖራቸው ተፈቀደ፤ የገንዳው ስፋት ግን ተወሰነ። እኛ የገባንበት ገንዳ ጠባብ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ሕመምተኛው በቤት ይታጠባል፤ ጤነኛው ጠበበኝ ብሎ ይወጣል፤ ሲወጣም ከሱቁ ይገዛል። ከመቶ ያነሱ፥ ሰባ ያህል የሚሆኑ ትንንሽ ማረፊያዎች ጎን ለጎን የሚኖሩትም በዚህ ነው። በአንጻሩ በዚያው አገር ባሉ ሌሎች የፍል ውሃ ከተሞች፥ አንድ ትልቅ ሆቴል ገንዳውንም ሱቁንም መጠጥ ቤቱንም በአንድ ጣራ ሥር ጠቅልሎ እንግዳውን ከውስጥ ሲያስቀር፥ መንገዱ ባዶ መቅረቱን፥ ኋላም እንግዳ ሲቀንስ ሆቴሉ ራሱ ከባዶ ከተማ መካከል ብቻውን መቆሙን የአገሩ ሰዎች በኀዘን ይናገራሉ።

ይህን ታሪክ ስሰማ ያሰብሁት ስለ ጃፓን አልነበረም፤ ስለ ራሳችን ሰፈር ነበር። አሠሪዬ እንድጽፈው ስለ ፈቀዱልኝ እናገረዋለሁ። መደብራችን ያለው ከሃያ የማያንሱ የመለዋወጫ መደብሮች በተደረደሩበት አንድ መተላለፊያ ውስጥ ነው። በመግቢያው ላይ የማንም መደብር ያልሆነ ክፍት ቦታ ነበር፤ የሁሉም ደንበኛ መኪናውን የሚያቆመው እዚያ ነው። ከአራት ዓመት በፊት ያን ቦታ በሕጋዊ መንገድ ተከራየነውና አጠርነው፤ በበሩም ላይ ለእኛ ደንበኞች ብቻ የሚል ማስታወቂያ ለጠፍን። ማስታወቂያውን የጻፍሁት እኔ ነኝ። ጎረቤቶቻችን ቢያጕረመርሙ፥ «ኪራዩን የምንከፍል እኛ ነን» ብለን መለስንላቸው። መልሳችን እውነት ነበር፤ የማረፊያው ባለቤትም መልስ እውነት ነበር።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ሽያጫችን ጨመረ። በሁለተኛው ዓመት ግን አጥሩ ሳይታጠር ከነበረው አነሰ። መዝገቡን የምይዘው እኔ ስለሆንሁ ከማንም አስቀድሞ አየሁት፤ ምክንያቱን ግን አላወቅሁትም። ምክንያቱን የነገረኝ የብዙ ዓመት ደንበኛችን የሆነ አንድ ሜካኒክ ነው። «አምስት ዕቃ ፈልጌ እመጣለሁ» አለኝ፤ «ከእናንተ የማገኘው ሁለቱን ነው። ዱሮ መኪናዬን አቁሜ ሦስቱን ከጎረቤቶቻችሁ በእግሬ እየዞርሁ እገዛ ነበር። ዛሬ ከእናንተ ስወጣ ከአጥሩም መውጣት አለብኝ፤ ስለዚህ አምስቱንም በአንድ ጊዜ ወደማገኝበት ሌላ ሰፈር እሔዳለሁ።» በዚያን ጊዜ ከጎረቤቶቻችን ሦስቱ ዘግተው ሔደው ነበር። ደንበኛው ይመጣ የነበረው ወደ እኛ መደብር መስሎን ኖረናል፤ ለካስ የሚመጣው ወደ ሰፈሩ ነበር። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በመዝገብ ላይ በቍጥር ተጽፎ ሲታይ ግን ሌላ ነገር ነው።

የጋራ ምንጭ የሚባለው መሬትና መንገድ ብቻ እንዳልሆነ ቡና ላኪዎች ከማንም ይልቅ ያውቃሉ። በ2008 የጃፓን የጤና ባለሥልጣኖች ከአገራችን በሔደ ቡና ላይ ከተፈቀደው በላይ የሆነ የተባይ መድኃኒት ቅሪት አገኙ። ቅሪቱ ከማሳው ሳይሆን ቡናው ከታሸገበት ከረጢት የመጣ ሊሆን እንደሚችል ተነግሮ ነበር። ነገር ግን በሩ የጠበበው ያን ቡና በላከው ሰው ላይ ብቻ አልነበረም፤ የሁላችን ቡና ተጠረጠረ፥ ወደዚያ አገር የሚሔደውም እጅግ ቀነሰ። ጃፓን ከታላላቆቹ ቡና ገዢዎቻችን አንዷ ነበረችና ጕዳቱ ቀላል አልነበረም። በኮቤ ያነጋገሩን ሰዎች ዛሬም ስለ ከረጢቱ አስቀድመው ይጠይቃሉ። የአገር ስም በዕቃ ላይ ሲጻፍ ያ ስም እንደ ኪኖሳኪ ውሃ ነው፤ ከምድር በታች አጥር የለውም።

ሁለት ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። አንደኛው፥ ነጋድያን በአንድነት መስማማታቸው ገዢውን የሚጐዳ ሤራ አይሆንም ወይ? የሚል ነው። ይህ ትክክለኛ ፍርሃት ነው። ነጋድያን ተማክረው ዋጋ ቢወስኑ ወይም ገበያ ቢከፋፈሉ ነውርም ነው፥ በሕጋችንም የተከለከለ ነው። የኪኖሳኪ ስምምነት ግን ስለ ውሃው እንጂ ስለ አልጋው ዋጋ አይደለም። ማረፊያዎቹ በዋጋ፥ በምግብና በመስተንግዶ ይወዳደራሉ፤ እንግዳውም እንዳቅሙ ይመርጣል። የጋራው ነገር በስምምነት፥ የግሉ ነገር በውድድር ይተዳደር ማለት ነው እንጂ ውድድር ይቅር ማለት አይደለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ፥ ጃፓኖች በጠባያቸው እርስ በርስ የሚስማሙ ሕዝብ ስለሆኑ ነው፤ እኛ ግን አንችለውም የሚል ነው። ለዚህ መልሱ ከላይ ያየነው ሙግት ነው። በጠባዩ የሚስማማ ሕዝብ በአንድ ገንዳ ከሃያ ዓመት በላይ አይካሰስም። የተስማሙት ስለሚዋደዱ ሳይሆን ልኩን ቈርጠው ስለጻፉት ነው። እኛም ብንሆን ዕቁብን ያለ ሰነድ የምናስተዳድር፥ በዕድር ጎረቤታችንን የምንቀብር ሰዎች ነን፤ ይህችው ዋና ከተማችንም በፍል ውሃ አጠገብ የተቈረቈረች ናት። መስማማት አልተነሣንም፤ ከሱቃችን ደጅ ሲደርስ ግን እንተወዋለን።

እንግዲህ በበኩሌ ለእያንዳንዱ የገበያ ሰፈር ሦስት ነገር አሳስባለሁ። መጀመሪያ፥ በአንድ መተላለፊያ ያሉ ነጋድያን ተቀምጠው የጋራ የሆነውን ነገር በስሙ ይቍጠሩ፤ የመኪና ማቆሚያውን፥ የውሃ መውረጃውን፥ ዘበኛውን፥ መብራቱን፥ የሰፈሩንም ስም። ሁለተኛ፥ እያንዳንዱ ከጋራው ስንት እንደሚወስድ ልኩን ይጻፉ። የኪኖሳኪ ሰዎች ገንዳ አልከለከሉም፥ ስፋቱን ወሰኑ እንጂ፤ ፈጽሞ መከልከል ጠብን ይወልዳል፥ ልክ ግን ያኖራል። ሦስተኛ፥ ከእኛ ዘንድ የሌለውን ዕቃ የሚፈልግ ገዢ ሲመጣ የለም ብለን ከመሸኘት ይልቅ በእጃችን ጠቁመን ወደ ጎረቤታችን እንስደደው። እመቤቲቱ ወረቀቱን በእጃችን ሰጥታ ወደ ውጭ በሰደደችን ጊዜ ደንበኛ አላጣችም፤ ማታ ተመልሰን ያደርነው ከእርሷ ዘንድ ነው።

ከጉዞው በተመለስን በሳምንቱ አሠሪዬ ጠርተውኝ ለጎረቤቶቻችን ደብዳቤ አስጻፉኝ። የቦታው ኪራይ በመደብሮቹ ሁሉ እንዲከፈል፥ ማቆሚያውም ለሁሉም ደንበኛ እንዲከፈት የሚጠይቅ ነበር። አብዛኞቹ እሺ አሉ። አንድ ጎረቤታችን ግን፥ «ስታጥሩት ማንን ጠየቃችሁ? አሁን ሽያጫችሁ ሲቀንስ ኪራዩን አብረን እንድንከፍል ትጠይቁናላችሁ» ብሎ መለሰ። ደብዳቤውን ለአሠሪዬ ሳነብላቸው ይቈጣሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ቆይተው፥ «እውነቱን ነው፤ አስቀድመን ማጠራችንን እንጂ ኪራዩን አናስብ» አሉኝ። በማግሥቱ አጥሩ ተነሣ፤ በእጄ የጻፍሁትን ማስታወቂያም እኔው ነቀልሁት። የኪራዩ ነገር ገና አላለቀም፤ ጎረቤታችንም መልሱን አልሰጠም። መኪናዎች ግን መቆም ጀምረዋል።